ጉዳት ገማች መሆን እፈልጋለሁ፤ ሥራውን ከውስጥ የምታውቁት ንገሩኝ

ቤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የተመረቅኩት በሒሳብ አያያዝ ነው። አሁን ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከቁጥር ሳመሳክር እውላለሁ፤ ቁጥሩ የመጣበትን ነገር በዓይኔ አላየውም። አንድ የመድን ኩባንያ ጀማሪ ጉዳት ገማች እንደሚፈልግ ሳይ ልቤ ተነሳ።

ፈልጌ ያነበብኩት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። "ገማች ጉዳትን ይመረምራል፣ ይገምታል፣ ሪፖርት ያቀርባል" ይላል። ከዚያ በላይ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ቀኑ በምን ያልቃል? ከሒሳብ የመጣ ሰው ይሆነዋል ወይስ የሚፈልጉት መሐንዲስ ነው? ኮምፒውተር ሥራውን ሊወስደው ነው የሚባለውስ እውነት አለው? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ፊት ቆሜ "ይሄ አይከፈልም" ማለት የምችል አይመስለኝም።

የመስክ ሰው፦

እንኳን ደህና መጣሽ ቤዛ። እኔ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሬ የተሽከርካሪና የንብረት ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ እሠራለሁ።

ብዙ ሰው ገማች ሲባል ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር የሚውል ይመስለዋል። መዞሩ አለ። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ግን በስልክና በጽሑፍ ነው። ጠዋት አዲስ የገቡትን ፋይሎች ታያለሽ። ለባለፖሊሲው፣ መድኑን ለገባው ሰው፣ ትደውያለሽ። ምን እንደደረሰ በራሱ አንደበት እንዲነግርሽ ታደርጊያለሽ። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄደሽ ታያለሽ፤ ትለኪያለሽ፤ ፎቶ ታነሻለሽ። ማታ ደግሞ ያየሽውን ትጽፊያለሽ። ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው እዚህ ሥራ ላይ አይቆይም።

በየፋይሉ የምትመልሻቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ውሉ ይሠራ ነበር ወይ? የተጎዳው ነገር በውሉ ውስጥ አለ ወይ? የጉዳቱ ምክንያት የተሸፈነ ነው ወይ? ሁሉም አዎ ከሆነ፣ ስንት ይከፈላል? ሰው ሁሉ የሚያየው የመጨረሻውን ነው። ነገሩ የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ከኋላ የተገጨ መኪና ትሄጂና ታያለሽ። ባለቤቱ ጉዳቱ በሙሉ የዚያን ቀን የደረሰ ነው ይላል። አንቺ መጀመሪያ ከፍታውን ትለኪያለሽ። የገጪው መኪና ባምፐር እዚያ ቁመት ላይ ይደርሳል? የሌላው መኪና ቀለም ተላልፎበታል? ከጭረቱ ውስጥ ዝገት አለ? ዝገቱ ሥር ከሰደደ ትናንት የደረሰ አይደለም። ይህን ሁሉ አይተሽ ሰውየውን ሌባ አትይውም። ብዙ ሰው የመኪናውን አሮጌ ጭረት ራሱ አያውቀውም። አሮጌውን ከአዲሱ ትለያለሽ፣ ምክንያቱን ታስረጃለሽ፣ የአዲሱን ትከፍያለሽ።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር ደግሞ መጠባበቂያ የሚባለው ነው። ፋይሉ በተከፈተ ሰሞን "ይሄ ክሌም በመጨረሻ ይህን ያህል ሊያስወጣ ይችላል" ብለሽ ቁጥር ትይዣለሽ። ገና ብዙ ሳታውቂ ነው የምትጽፊው። እያወቅሽ ስትሄጂ ታስተካክይዋለሽ። ኩባንያው ወደፊት ለሚከፍለው ካሳ በቂ ገንዘብ መያዙ የሚታወቀው ከእነዚህ ቁጥሮች ድምር ስለሆነ ቀልድ የለውም።

ጋሽ አንጋፋው፦

ቤዛ ልጄ፣ የመስክ ሰው ጥሩ ነግሮሻል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ስለ ምክንያት ግን አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ሙያ ልብ እሱ ስለሆነ ነው።

ኢካሪያ የምትባል መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በቶርፔዶ፣ በውኃ ውስጥ በሚተኮስ ፈንጂ፣ ተመታች። ግን አልሰመጠችም። ወደ ፈረንሳዩ ለ ሃቭር ወደብ ተጎትታ ገባች። እዚያ ነፋስ ተነሳና ከወደቡ ግድግዳ ጋር ትጋጭ ጀመር። እዚያው ሰምጣ መንገድ እንዳትዘጋ ብለው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯት። በአዲሱ ቦታ ውኃው በሸሸ ቁጥር ታችዋ መሬት ይነካል። በመጨረሻ ተሰበረችና ሰመጠች። መድኑ የባህርን አደጋ ይሸፍናል፤ የጦርነትን አይሸፍንም። እንግዲህ መርከቧን ያሰመጣት ምንድን ነው? ባህሩ ወይስ ቶርፔዶው?

ጉዳዩ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። በ1918 ዳኞቹ ምክንያቱ ቶርፔዶው ነው አሉ። በጊዜ የቀረበውን ሳይሆን፣ በጉልበት ዋና የሆነውን ምክንያት ነው መያዝ ያለብን ብለው ወሰኑ። መርከቧ ከተመታች በኋላ ከአደጋው እጅ አንድም ቀን አልወጣችም። ባለመርከቦቹ ሳይከፈላቸው ቀረ።

ይህን የነገርኩሽ የመርከብ ሰው እንድትሆኚ አይደለም። ነገ ጣሪያው የፈሰሰበት ቤት ትሄጃለሽ። ነፋስ ቆርቆሮውን ገነጠለው? ወይስ ምስማሩ ለዓመታት ዝጎ ነፋሱ የመጨረሻውን ብቻ ገፋው? ጥያቄው ያው የኢካሪያ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የምትባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ስትመታ ከአንዳንድ ቤቶች የቀረው ወለሉ ብቻ ነበር። የቤት መድኑ ነፋስን ይሸፍናል፤ ጎርፍን አይሸፍንም። ቤቱ የለም፤ ግድግዳው የለም፤ ምልክት የሚነበብበት ነገር የለም። ገማቾች የቆመ ዛፍ ላይ የቀረ የውኃ ምልክት እየፈለጉ፣ ነፋሱ የደረሰበትን ሰዓትና ውኃው የገባበትን ሰዓት እያነጻጸሩ መሥራት ነበረባቸው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ውስጥ ዓመታት ወሰደ።

ለተጎጂ የቆመ፦

ጋሼ የነገሩንን በአክብሮት ነው ያነበብኩት። ቤዛ ግን ከመግባቷ በፊት ማወቅ ያለባት ነገር አለ። ገማች ሁሉ አንድ አይደለም።

ሦስት ዓይነት አለ። በኩባንያው ደመወዝ የሚሠራ አለ፤ እንደ የመስክ ሰው። ራሱን ችሎ የሚሠራ አለ፤ ኩባንያዎች በየፋይሉ ይቀጥሩታል፣ ትልቅ አደጋ ሲደርስ ደግሞ በብዛት ይጠሩታል። ሦስተኛው እንደ እኔ ነው። እኔን የሚቀጥረኝ ተጎጂው ነው። ክሌሙን አዘጋጅቼ ከኩባንያው ገማች ጋር እደራደርለታለሁ። ክፍያዬ ብዙውን ጊዜ ከሚከፈለው ካሳ ላይ በመቶኛ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቦታ ሕጉ ጣሪያ ያበጅለታል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለሚሸፈን አደጋ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለሚቀርብ ክሌም ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጠየቅ ከልክላለች።

ቤዛ፣ ያመለከትሽበት ቦታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን ነው። ይህን ረስተሽ እንዳትገቢ።

ለምን እንዲህ እንደምል በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ሰው ቤቱ 1,000,000 ያወጣል። መድን የገባለት ግን በ600,000 ነው። አረቦኑ እንዲቀልለት ብሎ ይሆናል፤ ወይም ዋጋው ሲጨምር ውሉን አላሳደሰም። ከቤቱ ግማሽ የማይሞላው ተቃጠለና ጉዳቱ 200,000 ሆነ። ሰውየው "600,000 ገብቼ የለ? 200,000 ስጡኝ" ይላል። ውሉ ውስጥ አቬሬጅ የሚሉት አንቀጽ ካለ ግን የሚከፈለው 120,000 ነው። ስድስት አሥረኛውን ብቻ ዋስትና ገዝቷል፤ የቀረውን አራት አሥረኛ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን የቤቱ ዋጋ 1,000,000 ነው ያለው ማነው? ገማቹ ነው። 800,000 ቢል ኖሮ ክፍያው 150,000 ይሆን ነበር። በአንድ ግምት ላይ ስንት ነገር እንደሚያድር ታያለሽ?

የመስክ ሰው፦

ወንድሜ፣ ስሌቱን በደንብ አስቀምጠኸዋል። "ደመወዝ ከፋዩን አትርሺ" ያልከው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ ስጽፍ የማስበው ፋይሉን ከእኔ በኋላ የሚያነበውን ሰው ነው። አለቃዬ ያነበዋል። ኦዲተር ያነበዋል። ጠብ ከተነሳ አንተ ታነበዋለህ። ከባሰም ዳኛ ያነበዋል። የቤቱን ዋጋ 1,000,000 ካልኩ ከየት እንዳመጣሁት ማሳየት አለብኝ። የካሬ ሜትሩ ልክ፣ የግንባታው ዓይነት፣ የዋጋው ምንጭ። ይህን ማሳየት የማልችለው ቁጥር ማንም ደመወዜን ቢከፍለው የእኔ ቁጥር አይደለም። ከሚገባው በታች የሚከፍል ገማች ኩባንያውን አይጠቅምም። ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ጠበቃና ጊዜ ጨምሮ ይመጣል።

ለተጎጂ የቆመ፦

እንዳንተ ያሉት ብዙ ቢሆኑ እኔ ሥራ ባጣሁ ነበር፤ ከልቤ ነው የምለው። ጥሩ ገማች ካጋጠመኝ ድርድሩ አጭር ነው። ችግሩ ስንት ፋይል በእጅህ ላይ አለ የሚለው ነው። ከአቅሙ በላይ ፋይል የተጫነበት ሰው ክፉ ባይሆንም ቦታው ድረስ አይሄድም። በፎቶ ይወስናል። ስልክ አያነሳም። ተጎጂው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ሀናዬ፦

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። ከሌላው ወገን ነኝ። ቤታችን በእሳት ተጎድቶብን ያውቃል፤ ስለዚህ ቤዛ የጠየቀችው ጥያቄ ይመለከተኛል።

የመጀመሪያው ገማች ወዲያው መጣ። ማስታወሻ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት ልጆቹ የት እንዳደሩ ጠየቀኝ። ከዚያ ከክፍል ክፍል አብሮኝ ዞረ። እዚያው ቆመን የማይከፈለውን ነገረኝ። "ጥሬ ገንዘቡን ውሉ አይሸፍነውም፣ ከዚህ ሁሉ ወጪ ቀድሞ ደግሞ በውሉ መሠረት እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ድርሻ ይቀነሳል" አለኝ። ያን ሰዓት አናደደኝ። በኋላ ግን ያቀድነው ሁሉ እሱ በነገረን ላይ ተመስርቶ ስለሆነ አልተሳሳትንም።

ከዚያ ፋይላችን ለሌላ ሰው ተላለፈ። ሁለተኛው ክፉ ቃል ተናግሮን አያውቅም። ግን አይመልስም። "እየታየ ነው" ብቻ። ቤዛዬ፣ "አይከፈልም" መባል ያማል፤ ሰው ግን ይችለዋል። ሳያውቁ መጠበቅን ግን አይችለውም። አንጀትሽ የሚራራ ከሆነ ለዚህ ሥራ ጎዶሎ እንዳይመስልሽ። ቶሎ የምትናገሪ ሁኚ እንጂ።

ቤዛ፦

ሀናዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ከማንም አልሰማም ነበር። እኔ "አይከፈልም" የሚለውን እንዴት አድርጌ አለሳልሼ እንደምናገር ነበር የማስበው። ቶሎና በግልጽ መናገሩ ነው ዋናው ማለት ነው።

እሺ፣ ስለ ማጭበርበርስ? ሰው ሆን ብሎ ቤቱን አቃጥሎ ከሆነ ገማች እንዴት ያውቃል?

የእሳት መርማሪ፦

ይህ የእኔ ሥራ ስለሆነ ልመልስልሽ። አጭሩ መልስ፣ ገማች ብቻውን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ ይጠራል። የአንቺ ድርሻ ቦታው ሳይነካካ እንዲቆይ ማድረግና ያየሽውን እንዳየሽው መመዝገብ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምልሽ ልንገርሽ። ለብዙ ዘመን መርማሪዎች የመስኮት መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር በጥቃቅን ስንጥቅ ተሞልቶ ሲያገኙት "እሳቱ ባልተለመደ ፍጥነት ነድዷል፤ ቤንዚን ፈሶበታል" ይሉ ነበር። እንደ ማስረጃ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ብዙ ሺህ ቤት ተቃጠለ። ተመራማሪዎች በኋላ ፍርስራሹን ሲያጠኑ ማንም ቤንዚን ባላፈሰሰባቸው ቤቶች ውስጥም ያን ስንጥቅ አገኙት። በሙከራ ሲፈትሹት ደግሞ ስንጥቁን የሚያመጣው ፈጣን ሙቀት አልሆነም። የጋለ መስተዋት ላይ ውኃ ሲረጭ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ቱቦ ማለት ነው! በማግሥቱ ዓመት፣ በ1992፣ የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ኤንኤፍፒኤ 921 የተባለውን የምርመራ መመሪያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሙያው እያንዳንዱን አሮጌ እምነት በሙከራ መፈተን ጀመረ።

ስለዚህ "ልምዴ ይነግረኛል" የሚል ገማች ያስፈራኛል። እሳቱ ከየት ተነሳ፣ በምን ተቀጣጠለ የሚለውን በማስረጃ ካልደረስሽበት "አልታወቀም" ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። ባለቤቱ ዕዳ አለበት፣ መድኑን በቅርብ ጊዜ ነው የገባው፣ የቤተሰብ ፎቶዎቹ ከቃጠሎው በፊት ወጥተዋል። እነዚህ ጠለቅ ብለሽ እንድትጠይቂ ያደርጉሻል። ሰውን አጭበርባሪ ለማለት ግን አይበቁም።

ጋሽ አንጋፋው፦

በጣም ትክክል። በእኔ ዘመን ያን መስተዋት አሳይተው ሲናገሩ ስሰማ ማንም አይጠራጠርም ነበር።

ከእሳት ከተነሳን ስለ ሳን ፍራንሲስኮም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1906 የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማዋን መታ፤ እሳት ተከተለ። ለቀናት ነደደ። የቤቶቹ መድን እሳትን ይሸፍናል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን ግን ብዙው አይሸፍንም። ያን ጊዜ ገማች ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በተናደ ቤት ላይ እሳት መጥቷል። ናዳው ስንት ነው፣ ቃጠሎው ስንት ነው? አንዳንድ ኩባንያ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ እየጠቀሰ ተከራከረ። አንዳንዱ ከሰረ። በለንደኑ የመድን ገበያ በሎይድስ ከትበርት ሂዝ የሚባል መድን ሰጪ ግን የውሉን ዝርዝር ሳትመለከቱ ለደንበኞቻችን ሁሉ በሙሉ ክፈሉ ብሎ ለወኪሉ ቴሌግራም ላከ። ሎይድስ በአሜሪካ ገበያ ላይ ያለው ስም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ልብ በይ ልጄ፣ ያን ትእዛዝ የሰጠው የገንዘቡ ባለቤት ነው። ገማች በራሱ ፈቃድ ከውሉ ውጭ የመክፈል ሥልጣን የለውም። ከውሉ በታች የመክፈል ሥልጣንም የለውም። እኔ ሥራዬን የወደድኩት በዚህ ነው።

ባህርና ጭነት፦

ማንም እስካሁን ያላነሳው ዘርፍ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለችው መርከብ ስዌዝ ካናል ውስጥ ተወትፋ እንደቀረች ታስታውሳላችሁ። 400 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ናት። ስድስት ቀን መንገድ ዘጋች። ከወጣች በኋላ ባለቤቱ የጋራ ኪሣራ አወጀ። ይህ ማለት መርከቧንና ጭነቱን ለማዳን የወጣውን ወጪ፣ መርከቧም ጭነቱም እንደየዋጋቸው ይካፈሉታል። አንድ ኮንቴይነር ብቻ ያለው ነጋዴ እንኳን የድርሻውን ዋስትና ሳያቀርብ ዕቃውን አይወስድም። መርከቧ የያዘችው ደግሞ ከ18,000 በላይ ኮንቴይነር ነበር። ያን ሁሉ ድርሻ እየለየ የሚያሰላው የባህር ኪሣራ አስተካካይ የሚባለው ባለሙያ ነው። የሚሠራበት ደንብ የዮርክ አንትወርፕ ደንቦች ይባላል። የሙያ ማኅበራቸው ለንደን ውስጥ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ሒሳብ ለሚወድና ለሚታገሥ ሰው እንዲህ ዓይነት ሥራ የትም አይገኝም። ገብቶ ለመብቃት ግን ዓመታት ይጠይቃል።

መዝገብ አንባቢ፦

ቤዛ፣ "ከሒሳብ የመጣ ሰው ይሆነዋል ወይ?" ያልሽውን ጥያቄ ሁሉም አልፎታል። እኔ ልመልሰው። ይሆነዋል ብቻ አይደለም፤ ይፈለጋል።

የሥራ መቋረጥ መድን የሚባል አለ። ፋብሪካ ሲቃጠል የሕንፃው ጉዳት አንድ ነገር ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት የቀረው ትርፍ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን የሚገምተው ሰው መሰላል አይወጣም። መዝገብ ያነባል። ችግሩ የሚገምተው ያልሆነውን ነገር መሆኑ ነው። እሳቱ ባይነሳ ኖሮ ይህ ድርጅት ምን ይሸጥ ነበር?

አንድ ማተሚያ ቤት አስቢ። በወር 500,000 ይሸጥ ነበር። ከዚህ 60 በመቶው ከሽያጩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ወጪ ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ ማጓጓዣ። ስለዚህ ጠቅላላ ትርፉ 40 በመቶ ነው። ከእሳቱ በኋላ ሽያጩ 200,000 ላይ ወረደ። የጠፋው ሽያጭ 300,000 ነው። ጀማሪ 300,000 ይጽፋል። የጠፋው ትርፍ ግን 120,000 ነው፤ ያልተገዛ ወረቀት አልተከፈለበትምና። ከዚያ ደግሞ ሌላ የቀነሰ ወጪ ካለ ይነሳለታል። የኤሌክትሪክና የቀን ሠራተኛ 10,000 ቀንሶ ከሆነ 110,000 ይቀራል።

አሁን ደግሞ ባለቤቱ ደንበኛ እንዳይሸሽበት በሌላ ማተሚያ ቤት አሠራና 30,000 ተጨማሪ አወጣ እንበል። ይከፈለው? መልሱ ያ ወጪ ምን አዳነ በሚለው ላይ ነው። 100,000 ሽያጭ ካዳነ 40,000 ትርፍ አድኗል፤ ስለዚህ 30,000ው ተገቢ ነው። 50,000 ሽያጭ ብቻ ካዳነ ግን ያተረፈው 20,000 ነውና ከዚያ በላይ ያለው በተለመደው ውል አይከፈልም።

ይህ ሁሉ ገና ቀላሉ ነው። ያ 500,000 ራሱ ልክ ነው? ወሩ ሥራ የሚበዛበት ነው ወይስ የሚቀዘቅዝበት? ድርጅቱ እያደገ ነበር ወይስ እየወረደ? ትልቁ ደንበኛው ከእሳቱ በፊት ሊለቅ ደብዳቤ ጽፎ ይሆን? ዘንድሮ የቀረው ትዕዛዝ ማሽኑ ሲጠገን ተመልሶ ይመጣል? እንግዲህ አንቺ "ቁጥሩ የመጣበትን ነገር አላየውም" ብለሻል። እዚህ ሥራ ላይ ፋብሪካው ወለል ላይ ቆመሽ የቆመውን ማሽን አይተሽ ነው መዝገቡን የምትከፍቺው። የሽያጭ መዝገቡ የማይለውን የመጋዘን ኃላፊው ይነግርሻል። እኔ ይህን ሥራ በምንም አልለውጠውም።

ቤዛ፦

እንዲህ ያለ ዘርፍ መኖሩን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ማታውን ሙሉ እሱን ሳነብ አመሸሁ። ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል? ስለ ኮምፒውተሩስ ማንም አልመለሰልኝም።

የመስክ ሰው፦

ፈቃዱ እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ እንኳን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ለኩባንያ ሠራተኛ የማይጠይቁም አሉ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ሙያው የራሱ ቻርተርድ፣ ማለትም ከዘውዱ እውቅና ያገኘ፣ ተቋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1941 የእሳት ጉዳት ገማቾች ማኅበር ሆኖ ተጀመረ፤ በ1961 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። በየደረጃው ፈተና አለው። ባለሽበት ቦታ የመድን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጠይቂ፤ ከሰው ወሬ እሱ ይሻላል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ቀላሉን እየወሰደው ነው። ደንበኛው በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ፕሮግራሙ የበሩን ጭረት አይቶ ዋጋ ያወጣል፣ ገንዘቡ ይገባል። ለደንበኛውም ጥሩ ነው፤ አይጉላላም። ነገር ግን ፎቶ የሚያየው ላዩን ነው። ዛሬ መኪና ባምፐሩ ጀርባ ራዳር አለው፤ የፊት መስተዋቱ ላይ ካሜራ አለው። ባምፐሩ ላይ ጭረት ብቻ ይታያል፤ ከጀርባው ያለው ሴንሰር ግን ቦታውን ስቶ ይሆናል። መስተዋት ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ይህን የማያውቅ ግምት ሰው አደጋ ሲመጣ በራሱ የሚይዘው ፍሬን በትክክል በማይሠራ መኪና መንገድ ላይ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ ጀማሪ ሰው ድሮ እጁን የሚያፍታታበት ትናንሽ ክሌም እየቀነሰ ነው። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልደብቅሽም። ወደ ከባዱ ቶሎ መግባት ይጠበቅብሻል። አንቺ ግን የሒሳብ መሠረት አለሽ፤ መዝገብ አንባቢ የነገረሽ መንገድ ለማሽን በቀላሉ የሚለቀቅ አይደለም።

ለተጎጂ የቆመ፦

በዚህስ ተስማምተናል።

ቤዛ፦

ማመልከቻውን አስገብቻለሁ። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩኝ ምን ልዘጋጅ? ምንስ ልጠይቃቸው?

ጋሽ አንጋፋው፦

የውል ቅጽ ፈልገሽ አንብቢ፤ የቤት ወይም የመኪና። መጀመሪያ ምን እንደሚሸፍን የሚለውን፣ ቀጥሎ የማይሸፍነውን፣ ከዚያ ትርጓሜዎቹን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለተኛው ንባብ ላይ "ድንገተኛ" የምትል አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደምትወስን ይገባሻል። በጠያቂነት ብቀመጥ አንድ ፎቶ አሳይቼሽ "ስንት ያወጣል?" ብልሽ ቁጥር እንድትጠሪልኝ አልፈልግም። "መቼ ደረሰ? ውሉን ላየው እችላለሁ?" እንድትዪኝ ነው የምፈልገው።

የመስክ ሰው፦

እነሱን የምትጠይቂውን እኔ ልንገርሽ። አንድ ገማች በእጁ ላይ ስንት ፋይል ይይዛል? ጀማሪ ብቻውን ወደ ቦታ የሚወጣው መቼ ነው፣ እስከዚያ ከማን ጋር ይሄዳል? እስከ ስንት ድረስ በራሴ ፊርማ መክፈል እችላለሁ? ጣሪያ ላይ ለመውጣት ሥልጠና ይሰጣል? የመጀመሪያውን ሲመልሱልሽ በደንብ አድምጪ። ለተጎጂ የቆመ ወንድማችን ያለው ትክክል ነው፤ የፋይሉ ብዛት ቦታው ድረስ መሄድ መቻልሽን ይወስናል።

መዝገብ አንባቢ፦

የሥራ መቋረጥ ክሌም የሚሠራው ክፍል የት እንደሆነም ጠይቂ። ብዙ ኩባንያ ለውጭ ባለሙያ ነው የሚሰጠው። እንደዚያ ከሆነ ፋይሉ ሲላክ አብረሽ እንድትከታተዪ መፍቀዳቸውን ጠይቂያቸው። ደግሞ ሽያጭና ወጪው በወር በወር የተዘረዘረ የአንድ ድርጅት መዝገብ ካገኘሽ ተለማመጂበት፤ አንዱን ወር ሸፍነሽ ከቀሩት ተነስተሽ ገምቺው፣ ከዚያ ገልጠሽ አስተያዪው። የት ላይ እንደራቅሽ ጻፊልንና እዚሁ እናየዋለን።